በጊዜ ድርሻ የሚሸጥ የመዝናኛ ማረፊያ፦ ውል ከመፈረም በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በሪዞርት ወይም በመዝናኛ ፓርክ አቅራቢያ የሚገኝን ማረፊያ በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት የመጠቀም መብት መሸጥ በዓለም አቀፉ የቱሪዝም ገበያ ከተለመዱ አሠራሮች አንዱ ነው። ይህ አሠራር በተለምዶ ታይምሼር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአማርኛ «የጊዜ ድርሻ» ተብሎ ይጠራል። በሀገራችን በስፋት ያልተለመደ ቢሆንም በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት፣ የሽያጭ ጥሪው በተደጋጋሚ ይደርሳቸዋል።

ጉዳዩ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለሚኖሩ ቤተሰቦችም የራቀ አይደለም። ከምሥራቅ ጎጃም ወጥተው በባሕር ማዶ ሥራና ኑሮ የመሠረቱ ልጆች የሚገቡት የረጅም ጊዜ ግዴታ ሀገር ቤት ለሚኖሩ ወላጆችና ወንድሞች በሚላከው ገንዘብ፣ ከዚያም አልፎ በውርስ ጉዳይ ላይ ውጤት አለው። በሌላ በኩል የጮቄ ተራሮችን፣ የጣና ሐይቅን ዳርቻና ሌሎች የሀገራችንን መስህቦች ለማልማት የሚደረገው ጥረት እየሰፋ ሲሄድ ተመሳሳይ የሽያጭ አሠራር ወደ ሀገር ውስጥ ገበያ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። በመሆኑም አሠራሩ በስፋት ሲተገበር ከቆየባቸው ሀገራት የተገኘውን ትምህርት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው። የጊዜ ድርሻ ቤት መግዛት አይደለም፤ ገንዘብን ለትርፍ ማዋልም አይደለም። የወደፊት ዕረፍትን ዋጋ አስቀድሞ መክፈልና ከዚያም በየዓመቱ እየከፈሉ ለመቀጠል መገደድ ነው። ይህንን በሚገባ ተረድቶ የሚገዛ ሰው ሊጠቀም ይችላል። ቤት እንደገዛ ወይም ጥሪት እንዳስቀመጠ ቆጥሮ የሚገዛ ግን ለጉዳት ይጋለጣል።

የአሠራሩ አመጣጥና ምንነት

የጊዜ ድርሻ ሽያጭ የተጀመረው በአውሮፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ የአልፕስ ተራሮች አካባቢ የተቋቋሙ ድርጅቶች፣ አንድ ሰው ሙሉ የዕረፍት ቤት የመግዛት አቅም ባይኖረው የዓመቱን የተወሰነ ክፍል ብቻ እንዲገዛ የሚያስችል አሠራር ዘረጉ። በቀጣዩ አሥርት ዓመት አሠራሩ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በተለይ በፍሎሪዳ ግዛት ተስፋፋ። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው ግዙፍ የመዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1971 በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ ከተከፈተ በኋላ አካባቢው የቤተሰብ ዕረፍት ዋነኛ መዳረሻ ሆነ። ዲዝኒ ራሱም እ.ኤ.አ. በ1991 የዲዝኒ ቫኬሽን ክለብን በማቋቋም የጊዜ ድርሻ መሸጥ ጀመረ።

ሽያጩ ሁለት ዋና ዋና መልኮች አሉት። በመጀመሪያው ገዢው የተወሰነ ክፍልን በተወሰነ ሳምንት የመጠቀም መብት ያገኛል። ለምሳሌ በየዓመቱ የሐምሌን የመጀመሪያ ሳምንት ይይዛል። በሁለተኛው ደግሞ ገዢው በየዓመቱ የተወሰነ ቁጥር ያለው «ነጥብ» ይሰጠዋል። ነጥቡን እንደ ገንዘብ እየመነዘረ የክፍሉን ዓይነት፣ ወቅቱንና የሌሊቱን ብዛት ይመርጣል። ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት አንድ ሌሊት ብዙ ነጥብ ይጠይቃል፤ ጎብኚ በሚቀንስበት ወቅት ደግሞ ጥቂት። የዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

አንድን ሀብት በተራ መጠቀም ለሀገራችን ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በዕቁብ ገንዘብ በተራ ይደርሳል። በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች የመስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች የወንዝ ውኃ በተራ ይጠቀማሉ፤ ተራውንም የውኃ አባት ይዳኛል። ሆኖም የጊዜ ድርሻ ከእነዚህ በሁለት መሠረታዊ ነጥቦች ይለያል። ዕቁብ ሁሉም አባል ሲደርሰው ያበቃል፤ የጊዜ ድርሻ ግዴታ ግን ለአሥርት ዓመታት ይዘልቃል። የውኃ አባትን የሚመርጡትም ሆነ የሚሽሩት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ የሪዞርቱን አስተዳደር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ድርሻውን የሸጠው ድርጅት ወይም እሱ የመረጠው ኩባንያ ነው። በመሆኑም የጊዜ ድርሻን «ዘመናዊ ዕቁብ» አድርጎ ማየት ስሕተት ላይ ይጥላል።

የተገዛው መብት ምንድን ነው፤ እስከ መቼስ ይጸናል?

ገዢ በቅድሚያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ገንዘቤን ከፍዬ የማገኘው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። በአንዳንድ ውሎች ገዢው በሕንፃው ላይ በስሙ የተመዘገበ ድርሻ ያገኛል። በሌሎች ውሎች ግን የሚያገኘው የመጠቀም መብት ብቻ ሲሆን ንብረቱ የድርጅቱ ሆኖ ይቀጥላል። በስም የተመዘገበ ድርሻም ቢሆን የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይችላል። የዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ገዢው በፍሎሪዳ ሕግ መሠረት የተመዘገበ የንብረት ድርሻ ቢኖረውም፣ ክለቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሸጣቸው በርካታ ሪዞርቶች መብቱ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2042 ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ገዢው ምንም ያህል ዓመት ቢከፍል በንብረቱ ላይ መብት አይኖረውም።

ይህ ሕገ ወጥ ወይም ስውር አሠራር አይደለም፤ በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ችግሩ የሚፈጠረው ገዢው «ባለቤት» የሚለውን ቃል ሰምቶ የውሉን ማብቂያ ቀን ሳያነብ ሲቀር ነው። የቀሪው ጊዜ ርዝመት ዋጋንም ይወስናል። ሃምሳ ዓመት የቀረው ድርሻና አሥራ አምስት ዓመት የቀረው ድርሻ በአንድ ሪዞርት ውስጥ ቢሆኑም እኩል ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም።

ዓመታዊ ክፍያ ከመነሻው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዓመታዊ ክፍያ ነው። ሕንፃው መታደስ አለበት፤ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የንብረት ግብርና መድን አለ። ይህ ሁሉ ወጪ ለባለ ድርሻዎች ይከፋፈላል። ክፍያው የሚቋረጠው ውሉ ሲያበቃ ወይም ድርሻው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ብቻ ነው። ባለ ድርሻው በዚያ ዓመት ወደ ሪዞርቱ ባይሄድም ይከፍላል።

የክፍያውን ክብደት ለማሳየት አንድ የስሌት ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቤተሰብ የሃያ ዓመት መብት በ20,000 ዶላር ገዛ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 1,000 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምር፣ በሃያኛው ዓመት ክፍያው ከ2,500 ዶላር በላይ ይሆናል። በሃያ ዓመት ውስጥ ለዓመታዊ ክፍያ ብቻ የሚወጣው ድምር ወደ 33,000 ዶላር ይደርሳል። ከመነሻው ዋጋ ጋር ሲደመር ጠቅላላ ወጪው 53,000 ዶላር ገደማ ሲሆን ለእያንዳንዱ ዓመት ሲካፈል ከ2,600 ዶላር በላይ ነው። ይህ ስሌት የብድር ወለድን፣ የአውሮፕላን ትኬትን፣ የፓርክ መግቢያንና ምግብን አይጨምርም። ገዢው መነሻውን ዋጋ በሻጩ ብድር ከከፈለ ወለዱ ጠቅላላውን ወጪ ይበልጥ ያንረዋል።

ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር በመነሻው ዋጋና በአንድ የሆቴል ሌሊት ዋጋ መካከል የሚደረግ አይደለም። ጠቅላላው የዘመኑ ወጪ በእርግጥ ጥቅም ላይ ለሚውሉት ሌሊቶች ተካፍሎ፣ ተመሳሳይ ክፍል ያለ ምንም ግዴታ በኪራይ ከሚገኝበት ዋጋ ጋር ሊነጻጸር ይገባል።

ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥምም የግዴታው ባሕርይ ጎልቶ ይታያል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ከመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቶ ፓርኮቹ ደረጃ በደረጃ የተከፈቱት በሐምሌ ወር ነበር። ሆቴል ለመከራየት ያሰበ ሰው በዚያ ዓመት ዕቅዱን ሰርዞ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ማዋል ይችል ነበር። የጊዜ ድርሻ ያለው ሰው ግን ዓመታዊ የጥገናና የአስተዳደር ወጪው ይቀጥልበታል። መንገድ በመዘጋቱ፣ በሕመም ወይም ከሥራ በመፈናቀል ምክንያት ጉዞ ለማይችል ሰውም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው።

ተራ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም

ሦስተኛው ትምህርት መብት መኖሩና መብቱን በሚፈለገው ጊዜ መጠቀም መቻል የተለያዩ መሆናቸው ነው። በነጥብ በሚሠራ አሠራር ቦታ የሚያዘው በቀደምትነት ነው። በዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ ባለ ድርሻው ድርሻውን በገዛበት ሪዞርት ከ11 ወራት በፊት ጀምሮ ቦታ መያዝ ይችላል፤ በሌሎቹ የክለቡ ሪዞርቶች ግን ከ7 ወራት በፊት ጀምሮ ነው። በዚህም ምክንያት በብዛት የሚፈለጉ ሳምንታትና ክፍሎች ቀድመው ይያዛሉ።

ይህ አሠራር የሥራ ፈቃዱን ከብዙ ወራት በፊት ማወቅ ለሚችል ሰው ይስማማል። የሥራ ሰዓቱ በየሳምንቱ ለሚለዋወጥ፣ ተደራራቢ ሥራ ለሚሠራ ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ሀገር ቤት ለሚመላለስ ሰው ግን አይመችም። በውጭ የሚኖር ሠራተኛ ያለው የዓመት ፈቃድ ውሱን ነው። ያችን ፈቃድ በአንድ ዓመት ለኦርላንዶም ለደብረ ማርቆስም ማዳረስ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የጊዜ ድርሻ የገዛ ቤተሰብ የከፈለበት እንዳይባክን ሲል ወላጆቹን የሚጠይቅበትን ጊዜ ሊያራዝም ይችላል። ይህ ወጪ በውሉ ላይ ባይጻፍም ከውሳኔ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነው።

የወቅት ጉዳይ በሀገር ውስጥም ትኩረት ይሻል። በሀገራችን አብዛኛው ቤተሰብ መጓዝ የሚፈልገው ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ነው። የትምህርት ቤቶች ረጅም ዕረፍት የሚውለው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ፣ የጎጃም ደጋ ዝናብ በሚበረታበትና የተራራ ጉዞ በሚከብድበት ወቅት ነው። በመሆኑም በእነዚህ አካባቢዎች የጊዜ ድርሻ ቢሸጥ የበዓል ሳምንት ያለው ድርሻና የክረምት ሳምንት ያለው ድርሻ እኩል ጥቅም አይሰጡም።

መግባት ቀላል፣ መውጣት ከባድ

አራተኛውና ብዙዎችን ለጉዳት የዳረገው ጉዳይ መውጫው ነው። የጊዜ ድርሻን መልሶ መሸጥ ቢቻልም ሻጩ ብዙ ነው፤ ገዢው ጥቂት ነው። ብዙ ድርሻዎች ከተገዙበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹም ዓመታዊ ክፍያውን የሚረከብ ሰው ከተገኘ በነፃ ይሰጣሉ። ስማቸው የታወቀ የመዝናኛ ፓርኮች ድርሻ ከሌሎች የተሻለ ዋጋ የመያዝ ዕድል አለው፤ ያም ሆኖ ዋስትና አይደለም።

ድርጅቱ በሁለተኛ ገዢ ላይ ገደብ ሊጥልም ይችላል። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ከጥር ወር 2019 ጀምሮ ከግለሰብ ድርሻ የሚገዙ ሰዎች በኋላ በከፈታቸው አንዳንድ ሪዞርቶች ነጥባቸውን እንዳይጠቀሙ ወስኗል። በተጨማሪም ባለ ድርሻው ለሌላ ሰው ለመሸጥ በተስማማበት ዋጋ ድርሻውን ቀድሞ የመግዛት መብት ለድርጅቱ የተጠበቀ ነው።

የመውጣት ችግር መኖሩን የሚያውቁ አጭበርባሪዎች ይህንኑ ይጠቀሙበታል። «ገዢ አግኝተንልዎታል፤ የማስፈጸሚያ ክፍያ ብቻ ይላኩ» የሚል የስልክ ጥሪ የተለመደ ስልት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ድርሻን እንሸጣለን ብለው ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁ አካላትን በሚመለከት ኅብረተሰቡን በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ተቋማትና የፌዴራል ምርመራ ቢሮው በጋራ ባወጡት ማሳሰቢያ፣ መቀመጫቸውን በሜክሲኮ ያደረጉ የተደራጁ ወንጀለኞች በዚህ መንገድ የጊዜ ድርሻ ባለቤቶችን ገንዘብ እንደሚዘርፉ አስታውቀዋል።

የተሻለው መከላከያ ከመፈረም በፊት ማሰብ፣ ከተፈረመም በሕግ በተሰጠው አጭር ጊዜ ውስጥ መሰረዝ ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ገዢው ውሉን ከፈረመበት ወይም ሊሰጡት የሚገቡ ሰነዶች ተጠናቀው ከደረሱት ቀን፣ ከሁለቱ ዘግይቶ ካለው፣ ጀምሮ በ10 ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት ውሉን መሰረዝ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው መመሪያ 14 ቀናት የሚሰጥ ሲሆን በእነዚህ ቀናት ሻጩ ምንም ዓይነት ቅድመ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። የስረዛ ማስታወቂያው በጽሑፍ፣ ውሉ በሚያዘው መንገድና አድራሻ፣ ቀኑ ሳያልፍ መላክ አለበት። ቅጂውንና የመላኪያ ማስረጃውን መያዝ ተገቢ ነው።

ውርስ ወይስ ዕዳ?

በሽያጭ ገለጻ ወቅት «ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ» የሚለው አባባል ይዘወተራል። ርስት ትልቅ ትርጉም በነበረው አካባቢ ላደገ ሰው ይህ አባባል ልብ ይነካል። ነገር ግን ለልጆች የሚተላለፈው መብቱ ብቻ አይደለም፤ ዓመታዊ ክፍያውም አብሮ ይሄዳል። ወራሾች በተለያየ ሀገር የሚኖሩ ከሆነ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚጠቀም መስማማት ይቸግራል። ለዚህ መፍትሔው ባለ ድርሻው በሕይወት ሳለ ስለ ውሉ ለቤተሰቡ ማሳወቅ፣ ሰነዱን በሚታወቅ ቦታ ማስቀመጥና ወራሾች ድርሻውን ሳይቀበሉ መተው የሚችሉበትን የሀገሩን ሕግ ከባለሙያ ጠይቆ መረዳት ነው።

ሀገር ቤት ለሚኖር ገዢ የሚጨመሩ ጉዳዮች

በሀገር ቤት የሚኖር ሰው የውጭ ሀገር የጊዜ ድርሻ እንዲገዛ ወይም ከዘመድ በስጦታ እንዲቀበል ሲጠየቅ ሁለት ተጨማሪ ነጥቦችን ሊያስብ ይገባል።

አንደኛው የጉዞ ፈቃድ ነው። በአሜሪካም ሆነ በሌላ ሀገር የሚገኝ የጊዜ ድርሻ የቪዛ መብት አያስገኝም። ቪዛ የሚሰጠው ወይም የሚከለከለው በየሀገሩ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ነው። «ድርሻውን ከገዙ ቪዛው ይቀልላል» የሚል አስማሚ ካጋጠመ ንግግሩ የማታለያ ምልክት መሆኑን መረዳት ይገባል። ቪዛ ያልተፈቀደለት ባለ ድርሻ ዓመታዊ ክፍያው አይቀርለትም።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ክፍያው በዶላር ከሆነ የብር ተመን በተለወጠ ቁጥር ሸክሙ ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንኮች 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። 1,000 ዶላር የነበረ ዓመታዊ ክፍያ በዶላር ምንም ሳይጨምር በብር ከ57,000 ወደ 100,000 በላይ ደርሷል ማለት ነው።

አሠራሩ ወደ ሀገራችን ቢመጣ

የጎጃም ደጋማ አካባቢ ለቱሪዝም የሚሆን ጸጋ አለው። ከአዲስ አበባ በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ከምትገኘው ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ያሉት የጮቄ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሲሆን የዓባይ ገባር የሆኑ በርካታ ወንዞች መነሻ ናቸው። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ የተከናወኑ ሥራዎችም የሪዞርት ልማት ከዋና ከተማዋ ርቆ እየሰፋ መምጣቱን ያሳያሉ። በዚህ መስክ የሚሰማሩ አልሚዎች ካፒታል ለማሰባሰብ የጊዜ ድርሻ ለመሸጥ ቢያስቡ፣ ገዢው የሚከተሉትን የሕግ መሠረቶች ማወቁ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ፣ በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። ሪዞርት የሚገነባው በሊዝ ወይም በኪራይ በተያዘ መሬት ላይ በመሆኑ የጊዜ ድርሻ መብት ከአልሚው የይዞታ ዘመን ሊረዝም አይችልም። ስለዚህ ገዢው የአልሚውን የሊዝ ወይም የኪራይ ውል ማየትና የቀረውን ዘመን ማረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት ወይም የአላባ መብት የሚያቋቁም ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲረጋገጥ ያዝዛል። በደረሰኝ ወይም በአባልነት ካርድ ብቻ በሕንፃ ላይ መብት ተገኝቷል ብሎ መተማመን አይቻልም። የመብቱ ዓይነትም በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ለምሳሌ የአላባ መብት ተጠቃሚው ሲሞት የሚያበቃ በመሆኑ፣ በዚህ መልክ የተዘጋጀ ውል ለልጆች ይተላለፋል ተብሎ ሊቀርብ አይገባም።

ሦስተኛ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ እንዲሁም ጥራትና ዓይነት በማየቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ለጊዜ ድርሻ ሽያጭ የተለየ ፋይዳ አለው። በውጭ ሀገራት ነፃ ቁርስ፣ የፓርክ መግቢያ ትኬት ወይም የቅናሽ ማረፊያ ሰጥቶ ሰዎችን ለሰዓታት ገለጻ ማስቀመጥና «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» እያሉ ማስፈረም የታወቀ የሽያጭ ስልት ነው። ስጦታውን የተቀበለ ሰው ለመግዛት የይሉኝታ ግዴታ አይኖርበትም።

አራተኛ፣ ሻጩ «ድርሻዎ ትርፍ ያስገኛል» ወይም «ክፍሉን አከራይተን ገቢ እንሰጥዎታለን» በማለት ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብ ከሆነ ጉዳዩ ከዕረፍት አገልግሎት አልፎ ወደ ኢንቨስትመንት ይገባል። ለሕዝብ የሚቀርብ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሽያጭ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 መሠረት በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል።

አምስተኛ፣ በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ ያስገድዳል። በተንኮል፣ በኃይል ወይም በመሠረታዊ ስሕተት የተመሠረተ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ የሚቻል ቢሆንም ጥያቄው ምክንያቱ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ማስረዳቱም የከሳሹ ኃላፊነት ነው። በመሆኑም ከፊርማ በኋላ መፍትሔ ከመፈለግ ይልቅ ከፊርማ በፊት መጠንቀቅ ይቀላል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከላይ የተዘረዘሩት ትምህርቶች በሚከተሉት ጥያቄዎች ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

1. የሚገኘው መብት በሕንፃው ላይ የተመዘገበ ድርሻ ነው ወይስ የመጠቀም መብት ብቻ? የሚያበቃውስ በየትኛው ቀን ነው?

2. ባለፉት ዓመታት ዓመታዊው ክፍያ ስንት ነበር? በምን ያህል ጨመረ? ጭማሪውን የሚወስነው ማን ነው? በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል?

3. ጠቅላላው የዘመኑ ወጪ በእርግጥ ለሚያርፉባቸው ሌሊቶች ሲካፈል ከተራ ኪራይ ይረክሳል?

4. ቤተሰቡ መጓዝ በሚችልበት ወቅት ቦታ ለመያዝ ከስንት ወር በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል?

5. ሪዞርቱ ቢዘጋ፣ ግንባታው ቢጓተት ወይም አልሚው ቢከስር የገዢው ገንዘብ ምን ዋስትና አለው?

6. ውሉን ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለው በስንት ቀን ውስጥ ነው? ከዚያ በኋላስ እንዴት ይወጣል?

7. ገዢው ቢሞት ወራሾች መብቱን ሳይቀበሉ መተው ይችላሉ?

መልሶቹ በሻጩ ቃል ሳይሆን በውሉ ጽሑፍ ላይ መገኘት አለባቸው። በቃል የተነገረ ተስፋ በውሉ ካልሰፈረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል የሚለውን መነሻ ማድረግ ይበጃል። ውሉ ገዢው በማይረዳው ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ወደ ቤት ወስዶ ማስተርጎምና ከሕግ ባለሙያ ጋር መመካከር ተገቢ ነው። ለዚህ የሚሆን ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ የሚያቀርበው ውል ቢቀር ይሻላል።

የጊዜ ድርሻ ለሁሉም የማይጠቅም ነው ማለት አይደለም። በየዓመቱ ወደ አንድ ስፍራ የሚጓዝ፣ ዕረፍቱን አስቀድሞ ማቀድ የሚችል፣ ያለ ብድር የሚከፍልና ዓመታዊውን ወጪ የሚችል ቤተሰብ ከተራ ኪራይ የተሻለ ማረፊያ ሊያገኝበት ይችላል። ለቤት መግዣ፣ ለልጆች ትምህርት ወይም ለወላጆች መጦሪያ የተቀመጠን ገንዘብ ግን «ሀብት ይሆናል» በሚል ተስፋ ለዚህ ማዋል አይመከርም።

በምሥራቅ ጎጃም ዞንና በደብረ ማርቆስ ከተማ ነዋሪ የሆነ ሸማች አሳሳች ማስታወቂያ ወይም አስገዳጅ ሽያጭ ሲያጋጥመው ውሉን፣ ደረሰኙንና የተለዋወጣቸውን መልእክቶች ይዞ በአቅራቢያው ለሚገኘው የንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በውጭ ሀገር የተፈረመ ውልን በሚመለከት ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ውሉ ለሚገዛበት ሀገር ወይም ግዛት የሸማቾች ጥበቃ አካል ሲሆን፣ የስረዛው ቀን እንዳያልፍ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።